እንግዴ ልጅ ወንፊት ነው ወይ? ከጅማ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የመነሻው ጥያቄ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የምጽፈው ከጅማ ነው። መምህርት ስሆን ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምንኖረው ከባለቤቴ ወላጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ አባት፣ ከማና ወረዳ ካለው ማሳቸው የሚመጣውን በቆሎ የሚያኖሩት ከመኝታ ክፍላችን ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራው ጓዳ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ነቀዙ ስለበረታባቸው ከገበያ የገዙትን ክኒን በየጆንያው ከተቱበት፤ ከዚያች ዕለት ወዲህ ሌሊት ሌሊት ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ይመጣብኛል። ለእርግዝና ክትትል በሄድኩበት ጤና ጣቢያ ይህንኑ ብናገር፣ ያየችኝ ባለሙያ እንግዴ ልጅ እንደ ወንፊት እንደሆነ፣ ጎጂውን አስቀርቶ ለፅንሱ የሚበጀውን ብቻ እንደሚያሳልፍ ነግራ፣ ሐሳብ እንዳይገባኝ አጽናንታ ሸኘችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሰልፉም ረጅም ነበር። ነገር ግን ወንፊት ክፉና ደጉን እንዴት ሊለይ ይችላል የሚለው ሐሳብ ቤቴ እስክደርስ አልለቀቀኝም። በአካባቢያችን ያሉ ኬሚካሎች፣ የተባይ መድኃኒቱ፣ የከሰሉ ጭስ፣ በውኃና በምግብ የሚገባው ሁሉ፣ ወደ ፅንሱ ይሻገራል ወይስ አይሻገርም? ከተሻገረስ በምን መንገድ ነው?

የተሰጡት መልሶች

ክሩ፣ ማለትም ይህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 23 መልስ ስለደረሰው፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ከዚህ በታች በራሴ አገላለጽ አሳጥሬ አስፍሬዋለሁ። ቁጥሮቹ እንደ አመጣጣቸው ሲሆኑ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየቦታው የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌን ይቅር በሉኝ።

1ኛው መልስ የመጣው ለብዙ ዓመታት በአዋላጅነት ካገለገሉ እናት ነው። የወንፊቱ ምሳሌ እርሳቸው በሚማሩበት ዘመንም ይነገር እንደነበር አምነው፣ ግማሹ እውነት ግማሹ ስሕተት መሆኑን በትሕትና አስረዱ። ብዙዎቻችን ተሸክመነው አይተነው የማናውቀውን ነገርም በቃላት ሥለው አሳዩን። እንግዴ ልጅ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ስንዝር የሚሞላ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ የሆነ ነገር ነው። በእናቲቱ በኩል የነበረው ገጹ እንደ ጉበት ጠቁሮ የቀላና የተከፋፈለ ነው፤ በልጁ በኩል የነበረው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን የለበሰ፣ የደም ሥሮቹም ከእትብቱ ተነሥተው እንደ ዋርካ ሥር በየአቅጣጫው የተዘረጉበት ነው። በውስጡ ያሉትን ቅርንጫፍ መሰል ጥቃቅን ጣቶች ሁሉ ዘርግተን ብንለካቸው በመውለጃው ሰሞን 12 ካሬ ሜትር የሚያህል ገጽ ይወጣቸዋል፤ ሦስት በአራት የሆነ የአንድ ክፍል ወለል ማለት ነው። ይህን ገጽ በየደቂቃው ግማሽ ሊትር የሚሆን የእናት ደም ያጥበዋል። የእናትና የልጅ ደም ግን አይቀላቀልም፤ በመካከላቸው የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ያህል ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን አለ። አዋላጇ አጥብቀው ያሳሰቡት ይህ ሽፋን ዋና ሥራው ማሻገር መሆኑን ነው። ኦክስጅኑም ስኳሩም በዚያው ስለሚያልፍ፣ በሩን ጠርቅሞ የዘጋ እንግዴ ልጅ ልጁን ራሱን ይገድለው ነበር።

2ኛው መልስ አጭርና ቁጣ የተቀላቀለበት ነበር። ጸሐፊው እርጉዝ ሴትን ማስፈራራት ሥራ የሆነላቸው ሰዎች በዝተዋል ባይ ናቸው፤ እናቶቻችን ጭስ በሞላው ማድቤት እየጋገሩ፣ ለወባ ዲዲቲ በተረጨ ግድግዳ ሥር እየተኙ አሥር አሥር ልጅ ወልደው አሳድገዋል፣ እኛም ይኸው አለን ሲሉ ዘጉት። ብዙ ሰው ወድዶላቸዋል።

ለዚህ የተሰጠው 3ኛው መልስ ድምፁን ሳያነሣ አንጀት የሚበላ ነበር። ጸሐፊዋ እናታቸው የወለዱት በእርግጥም አሥር መሆኑን፣ ለወግ ለማዕረግ የበቁት ግን ስድስት ብቻ መሆናቸውን ጠቅሰው፣ አራቱ ለምን እንደቀሩ ያኔም ሆነ በኋላ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ አስታወሱ። ጉዳት ሁሉ ሞት እንዳልሆነም ጨመሩ፤ ፊደል የማይገባው፣ ሰነፍ እየተባለ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ምን አግኝቶት እንደሆነ ማን መረመረለት? እኔም በመምህርነቴ ይህን አንብቤ ጥቂት ጊዜ ዝም ብያለሁ።

ክሩን መልክ ያስያዘው ግን 4ኛው ነው፤ ጸሐፊው የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። የወንፊቱን ምሳሌ ሳይጥሉ ገለበጡት። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው፤ ዱቄቱ ያልፋል፣ እብቁ ይቀራል። መርዙ ራሱ ዱቄት ከሆነ ወንፊቱ በምን ያውቃል? በጥቅሉ ሲታይ የሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በታች የሆነ ነገር በቀላሉ ይሻገራል፤ ከ1,000 በላይ የሆነው ይቸገራል። እህል ላይ የሚነሰነሰው ማላታይን 330፣ ዲዲቲ 354፣ ኒኮቲን 162፣ አልኮል 46፣ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ 28 ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ግን ብዙ ሺህ ዳልተን ስለሚመዝን አይሻገርም፤ ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር፣ ለዚሁ ሥራ የሚሰጠውንና የሚሻገረውን ዋርፋሪንን ትተው ሄፓሪንን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መምህሩ በመጠን ብቻ አላቆሙም። ስብ የሚወድድ ነገር የሴሉን ሽፋን ቅቤ ትኩስ እንጀራ ውስጥ እንደሚሰርገው ሰርጎ ያልፋል፤ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ይገፋል፤ ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዞረውም በዚያው ልክ ይዘገያል። ከሁሉ የገረመኝ ግን መመሳሰል ያሉት መንገድ ነው። የእናት የበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖች 150,000 ዳልተን ይመዝናሉ፤ በመጠኑ ሕግ ማለፍ የለባቸውም፤ ሆኖም ራሱን የቻለ ተሸካሚ ተመድቦላቸው በክብር ይሻገራሉ። ሜቲል ሜርኩሪ የተባለው መርዝ ደግሞ ከአንድ አሚኖ አሲድ ጋር ተጣብቆ ሜታዮኒን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ስለሚመስል፣ ለምግብ የተከፈተው በር እርሱንም ምግብ ነው ብሎ ያስገባዋል። አንዳንድ ባዕድ ነገሮችን እየያዙ ወደ እናት የሚመልሱ የፕሮቲን ፓምፖችም አሉ፤ እነዚህን መምህሩ ዘበኛ አሏቸው። ዘበኞቹ የሚያውቁት ግን የተወሰነ ፊት ነው፤ ብዛትም ሲመጣባቸው ይረታሉ። መምህሩ በመጨረሻ ሽፋኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወፍራም ሆኖ እየቆየ ስለሚሳሳ፣ የመጀመሪያው ሦስት ወር ያን ያህል አያሰጋም የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

5ኛው መልስ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ጸሐፊው በተባይ ቁጥጥር ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ይመስላሉ። ሁላችንንም ገሠጹን። ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጓዳ አጠገብ እየተኛች እናንተ ስለ ሞለኪውል ክብደት ታወራላችሁ የሚል መንፈስ የነበረው ሲሆን፣ ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሳይሆን እንደማይቀር፣ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ እንደሚለቅቅ፣ ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ እያለፈ ጎረቤት ክፍል ውስጥ የተኙ ሰዎችን እንደሚገድል፣ ማርከሻ መድኃኒትም እንደሌለው ጽፈው፣ በዚያች ሌሊት እዚያ ክፍል እንዳንተኛ አዘዙ። ትእዛዝ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

6ኛው መልስ የራሴ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንብቤው ባለቤቴንና ልጄን አስነሥቼ፣ ፍራሹን ጎትተን ከጓዳው ርቆ ባለው በአማቶቼ ሳሎን እንዳደርን ብቻ ጻፍኩ። ምክንያቱን ለአማቴ በዚያ ሰዓት መናገር ስለከበደኝ ክፍሉ እንደሞቀኝ አድርጌ አለፍኩት።

በ7ኛው ላይ አንድ የጤና መኮንን የመምህሩን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ይዘው ተነሡ፤ ቋንቋቸው ጨዋ ቢሆንም ምሕረት አልነበረውም። የልጁ ልብ፣ እጅና እግር፣ ዓይንና ጆሮ የሚቀረጹት ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ማለት ነው። ታሊዶማይድን በምሳሌነት አነሡ። ለእንቅልፍና ለማቅለሽለሽ በብዙ አገር የተሸጠው ይህ መድኃኒት በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሣ ድረስ፣ በዚያችው ጠባብ የቀናት መስኮት ውስጥ የወሰዱት እናቶች እጃቸው ወይም እግራቸው ያጠረ ልጆች ወለዱ፤ ቁጥራቸው ከ10,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። እናቶቹ ራሳቸው በአብዛኛው አንዳች አልሆኑም። አሜሪካ ውስጥ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አልሰጥም ብለው በመጽናታቸው አገራቸው ከአብዛኛው መከራ ዳነች። በ8ኛው መልስ መምህሩ ስሕተታቸውን ያለ ማመንታት ተቀበሉ፤ ስለ ሽፋኑ ውፍረት የጻፉት ትክክል ቢሆንም ከዚያ የደረሱበት መደምደሚያ ልክ እንዳልነበረ አስታወቁ። በእንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ይህን ማየት ብርቅ ስለሆነ ቆሜ አመስግኛቸዋለሁ።

9ኛው መልስ በጃፓን የተማሩ ሰው የጻፉት ነው፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በሚናማታ የባሕር ወሽመጥ ዳር የነበረ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ሜቲል ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ይለቅቅ ነበር፤ በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ዓሣውን የበሉ ሰዎች ሲታመሙ፣ ዓሣ በአፋቸው ያልገባ ሕፃናትም አንገታቸውን መሸከም ሳይችሉ፣ እጅና እግራቸው ተጣምሞ ተወለዱ። የወለዷቸው እናቶች ብዙዎቹ ቀላል ምልክት ብቻ ስለነበረባቸውና እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም የሚለው እምነት በሐኪሞች ዘንድ ሥር ስለሰደደ፣ ነገሩ ከሜርኩሪው ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማመን ዓመታት ፈጀ። ማሳዙሚ ሃራዳ የተባሉ ሐኪም ግን እናቶቹን ሰሟቸው፤ መርዙን ልጄ ወሰደልኝ የሚሉ እናቶች ነበሩ። እውነትም በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው ሜቲል ሜርኩሪ ከእናት ደም ይልቅ ይበዛል፤ አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ።

ከዚህ ቀጥሎ የጻፉት ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ጃፓኖች የልጃቸውን የደረቀ እትብት በትንሽ የእንጨት ሣጥን አድርገው የማኖር ልማድ አላቸው። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ሣጥኖች ከየቤቱ እየለመኑ እትብቱን መረመሩት፤ ሜርኩሪውም እዚያው ደርቆ ተገኘ። በየትኛው ዓመት የተወለደ ልጅ ምን ያህል እንደደረሰበት ሣጥኑ መሰከረ። እኛ እትብታችንን ከእንግዴ ልጁ ጋር ከጓሮ እንቀብራለን፣ አገሬ እትብቴ የተቀበረበት ነው እንላለን፤ ምስክሩንም አብረን ቀብረን ይሆን እያልኩ አደርኩ።

10ኛው ጸሐፊ በዚህ ደንግጠው ከጊቤ ግድብ የሚመጣውን ዓሣ እናቁም ወይ ሲሉ ጠየቁ፤ 11ኛው ደግሞ ሜርኩሪ የሚከማቸው ሌላ ዓሣ እየበሉ በሚያድጉ ትልልቅ ዓሣዎች ላይ መሆኑን፣ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን ተክል እየበላ የሚኖር ስለሆነ የሚከማችበት አነስተኛ መሆኑን፣ ለነፍሰ ጡር ዓሣ የሚጠቅም ምግብ እንደሆነም አስረድተው አረጋጉ። ከዚያ በኋላ ዓሣ በምን እንደሚጠበስ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

12ኛው መልስ ከአጋሮ አካባቢ ጫትና ቡና የሚያለሙ አባወራ የጻፉት ነው፤ ከክሩ ሁሉ እውነተኛው ይመስለኛል። መድኃኒቱን በጀርባ መርጫ ሲረጩ ቀዝቃዛ ጠብታ በትከሻቸው ላይ እንደሚወርድ፣ ውኃውን የምታቀርብላቸውና የምትበጠብጥላቸው ባለቤታቸው እንደሆነች፣ ማታ ሸሚዛቸውን በእጇ የምታጥበውም እርሷው እንደሆነች፣ ባዶውን ጀሪካን አጥበው የመጠጥ ውኃ ሲቀዱበት እንደኖሩ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ እርሷ ሁለት ጊዜ እርጉዝ እንደነበረች ጻፉ። ራሳቸውን ለመከላከል አንድ ቃል አልጨመሩም። 13ኛው መልስ ግን ወረደባቸው፤ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ሚስቱን መርዝ የሚያስነካ ሰው ለምን ይጽፋል ስትል ጭካኔ በተሞላበት ቋንቋ ዘለፈቻቸው። ስለዚህ ነገር ሐሳቤን ልደብቅ አልወድም፤ ሰውየውን ማንም አላስተማራቸውም፣ ሲሰሙ ግን መጥተው ተናዘዙ። እንዲህ ያለውን ሰው ብናሸማቅቀው ቀጣዩ ገበሬ አይጽፍም።

14ኛው መልስ ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። አንዲት የአካባቢ ጤና ባለሙያ ዲዲቲ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሆነ አስረዱ። ስብ ወዳድ ስለሆነ ከገባበት የሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ እናት ስታረግዝ ከደሟ ወደ እንግዴ ልጁ፣ ከእንግዴ ልጁ ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ከወሊድ በኋላም ከጡት ወተት ስብ ጋር ይወጣል። በአገራችን ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተረጭቷል። በ2001 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመቆጣጠር ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ቢከለክልም፣ በኢትዮጵያ ጫት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ቅሪቱ ተገኝቷል። ወደ እኛ ይበልጥ የቀረበው ደግሞ በ2013 የታተመው ጥናት ነው፤ በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና እዚሁ በጅማ ከተማ ከእናቶችና ከላሞች ወተት ተወስዶ ሲመረመር ዲዲቲ ተገኝቶበታል። ስለዚህ ጉዳዩ የጃፓን ብቻ አይደለም፤ በሰርቦ ገበያ አልፌ የምገዛው ወተት ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ይህን ያነበበች አንዲት አራስ በ15ኛው መልስ ጡት ማጥባቷን ልታቆም እንደሆነ ጻፈች። 1ኛዋ አዋላጅ በ16ኛው መልስ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ትሕትናቸው አብሯቸው አልመጣም። የእናት ጡት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻውን እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ይህን ሁሉ እያወቀ መሆኑን፣ ባልተፈላ ውኃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ሕፃንን በተቅማጥ የሚገድለው በቀናት ውስጥ መሆኑን፣ ወተቱ ውስጥ ስላለው ቅሪት የሚጠየቀው የሚረጨው ሰው እንጂ የምታጠባዋ እናት አለመሆኗን በቁጣ ጻፉ። ልጅቱ አመስግና ወጣች።

ከዚያ ቡና ተነሣ፤ የጅማ ሰው ያለበት ክር ሳይነሣበት አያልቅም። በ17ኛው ላይ አንድ ነጋዴ ጃፓን በ2008 የተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታበት የኢትዮጵያን ቡና እንደመለሰችና የጥርጣሬው ጣት ወደ ጆንያዎቹ ጭምር እንደተቀሰረ አስታውሰው፣ ባዕድ ለቡናው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ እኛስ ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 18ኛዋ ጸሐፊ፣ በአነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ እናት፣ ቡና ራሱ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው መባሉን ሰምተው አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ልትነጥቁን ነው ወይ ብለው አዘኑ። የጤና መኮንኑ እዚያው ሥር አስተያየት ሰጡ፦ ካፌይን ያለ ምንም ከልካይ ይሻገራል፤ ፅንሱም የሚያፈራርስበት ኢንዛይም የለውም። በእናቲቱም ደም ውስጥ በሌላ ጊዜ በአራት በአምስት ሰዓት የሚጋመሰው ካፌይን በእርግዝናው መጨረሻ 15 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። እንግዲህ አቦሉን ጠጥቶ በረካውን ለጎረቤት መተው ይቻላል፤ እናታችን በዚህ የተስማሙ ይመስለኛል።

19ኛው መልስ ከቡናው ወደ ከሰሉ ተሸጋገረ፤ ጸሐፊዋ ራሳቸው ላይ የደረሰውን ነው የተናገሩት። በሰባተኛ ወራቸው፣ ዝናብ ስለነበር በርና መስኮቱን ዘግተው ቡና ሲያፈሉ ራሳቸውን ፈልጧቸው፣ ስኒውን ሳያስቀምጡ ከበርጩማው ተንሸራትተው ወደቁ። ጎረቤት ደርሶ ወደ ውጭ ሲያወጣቸው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደኅና ሆኑ። በኋላ የነገሯቸው ግን የልጁ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ካርቦን ሞኖክሳይድን ከእናቱ ሄሞግሎቢን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ልጁ ዘግይቶ ይመረዛል፣ ዘግይቶም ይለቀቃል፤ እናት ተሽሏት ቁጭ ስትል እርሱ ገና በውስጡ እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው በሰላም ተወልዷል፤ ዛሬም ግን በር ዘግቶ ከሰል የሚያያይዝ ሰው ሲያዩ ይጮኻሉ። ኬሚስትሪ መምህሩ ከዚህ ጋር አያይዘው በ2019 በቤልጅየም የሐሴልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥላሸት ቅንጣት በእንግዴ ልጅ ውስጥ፣ ያውም በልጁ በኩል ባለው ገጽ ላይ ማግኘታቸውን ጠቆሙ። እናቶቹ የማያጨሱ ነበሩ፤ ጥላሸቱ ከከተማው አየር የመጣ ነው።

በ20ኛው መልስ 2ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ ተናድደው ነበር፣ በዚህኛው ግን እውነታቸውን ነው። ጭስ ማውጫ የሌለው ማድቤት ውስጥ የምትጋግረው ሴት መርጣው እንዳልሆነ፣ ጋዝ ሲሊንደር ስንት እንደሚሸጥና ሲጠፋም ስንት ቀን እንደሚጠፋ ሁላችንም እንደምናውቅ፣ መብራትም እንጀራው በምጣዱ ላይ እንዳለ እንደሚሄድ ጠቅሰው፣ ተጠንቀቂ የሚል ምክር ለማይችል ሰው ስድብ እንደሆነ ጻፉ። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው፦ ያለ ገንዘብ የሚቻለውን እንጀምር። በር መክፈት፣ ከሰሉን ውጭ አያይዞ ጭሱ ሲያልቅ እንኳ ክፍሉን ክፍት አድርጎ ማስገባት፣ የረጨውን ልብስ የረጨው ሰው ራሱ ማጠብ፣ ጀሪካኑን ቀድዶ ከጥቅም ማውጣት አንድ ሳንቲም አይጠይቁም። የቀረው የመንግሥት ሥራ ነው፤ እሱንም አንተወውም።

21ኛው መልስ ስለ እርሳስ ነበር። ጸሐፊው የመኪና ባትሪ እየፈቱ የሚጠግኑ ጎረቤት አሏቸው። እርሳስ ወደ ሰውነት ሲገባ አብዛኛው በአጥንት ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይተኛል፤ እናት ስታረግዝ ፅንሱ ካልሲየም ይፈልጋልና ምግቧ ካላሟላላት አጥንቷ ይሰጣል፣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል። በእትብት ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ብዙም አያንስም። እንግዲህ በልጅነቷ የተነፈሰችው አቧራ በልጇ ደም ውስጥ ይታያል ማለት ነው። ወተት፣ አይብ፣ ጎመንና በካልሲየም የበለጸገ ምግብ የአጥንቱን መፍሰስ ይቀንሰዋል፤ ምንጩ ያልታወቀ ኩልም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለጊዜው ቢቀር ይሻላል። በመካከል አንድ ሰው ደም የሚያጠራ ፌጦ አለኝ ብለው ብቅ አሉ፤ መምህሩም ከስብና ከአጥንት መርዝ ጎትቶ የሚያወጣ መጠጥ እንደሌለ፣ የሚጠጣው ነገር ራሱም በዚያው በር እንደሚሻገር መልሰው ሸኟቸው።

22ኛው የ5ኛው ጸሐፊ ነው፤ አሁንም ቀጥታ። ጆንያዎቹን እኔ እንዳልነካ፣ ወንዶቹ በርና መስኮት ከፍተው ከቆዩ በኋላ ብቻ ገብተው ወደ አየር እንዲያወጡ፣ ክኒኑ የሚተወውን ግራጫ ዱቄት ከእህሉ በነፋስ እንዲለዩና እንዳይተነፍሱት፣ የተረፈ ክኒን ካለ ወደ ሽንት ቤትም ወደ ውኃም እንዳይጥሉት፣ ምክንያቱም ጋዙን የሚያስነሣው እርጥበት መሆኑን አስጠነቀቁ። ደረቅ ቦታ፣ ከሰውና ከልጅ ርቆ፣ የግብርና ባለሙያ እስከሚረከቡት ድረስ። የሽታውም ነገር አያታልልሽ አሉኝ፤ ንጹሕ ፎስፊን ሽታ ስለሌለው ነጭ ሽንኩርቱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

23ኛው የእኔ ነው። ለአማቴ የነገርኳቸው በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ የባለቤቴ እናት ቡና እያፈሉ ሳለ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር። ስለ ዳልተንም ስለ ጃፓንም አላነሣሁም። ሽታው ከጓዳው ወደ እኛ ክፍል እንደሚመጣ፣ ክኒኑ እንኳን ለሆዴ ልጅ ለእርሳቸውም እንደማይበጅ ብቻ ተናገርኩ። ጥቂት ዝም ብለው ተቀመጡና ስኒውን አስቀምጠው ከባለቤቴ ጋር ጆንያዎቹን ወደ ጓሮ አወጡ። የተረፈውን ክኒን ሲያሳዩን ግን ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፤ ቸርቻሪው በጥቁር ፌስታል ቁራጭ ቋጥሮ ነው የሸጠላቸው። ሁለት ክኒን ቀርቷል። የግብርና ባለሙያው እስኪመጡ ድረስ ክዳን ባለው የደረቀ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትተው፣ ከግቢው ጥግ ካለው የከብት ዳስ ጣሪያ ሥር ሰቅለውታል። ጅማ በየትኛውም ወር ዝናብ አያጣትም፤ ትናንት ማታ ደመናው ሲቋጠር አማቴ ማንም ሳይነግራቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና ቆርቆሮውን አውርደው ክዳኑን በእጃቸው ፈተሹ፤ ከዚያም ጠብታ ወደማይደርስበት ወደ ውስጠኛው ምሰሶ አዛውረው ሰቀሉት።